መኪኖቹ የእናቴ ነበሩ

ደብረ ብርሃን በተከራየሁበት ግቢ ውስጥ የአንድ መካኒክ ሚስት ቅዳሜ ቅዳሜ የባሏን ቱታ ታጥባለች። የናፍጣውና የልብስ ሳሙናው ሽታ ተቀላቅሎ በመስኮት ሲገባ ሌላው ተከራይ አፍንጫውን ይይዛል። እኔ ግን የያዝኩትን ሥራ ትቼ እቆማለሁ። የእናቴ ሽታ ነው። አሥራ አምስት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ያፈርኩበት ሽታ።

መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ በምትባለው ከተማ ውስጥ አራት የጭነት መኪና ነበረን። ደርግ ወድቆ የእህል ኬላ ሲነሳ አባቴ በነበረችው አንዲት አሮጌ መኪና ላይ ሦስት ጨመረ፤ ከዚያ ወዲያ ራሱን እንደ ባላባት ይቆጥር ጀመር። አባቴን «እሱ» እያልኩ እንደማወራህ ልብ ሳትል አልቀረህም። በልጅነቴ «እሳቸው» ነበር የምለው። ለምን እንደተውኩት ስትሰማ ይገባሃል።

መርሐቤቴ ውስጥ የእኛን መኪኖች የማያውቅ አልነበረም። የጭነት ሳጥናቸው ስፖንዳ በየዓመቱ ለፋሲካ ቀለም ይቀባል፣ ሸራቸው ቀዳዳ የለውም፣ ጭቃ እንደያዙ አያድሩም። የከተማው ሰው ጀሪካን ይዞ ምንጭ ላይ ሲሰለፍ እኛ ግቢ መኪና ይታጠባል። አባቴ በረንዳው ላይ ወንበር አስወጥቶ፣ በርኖሱን ደርቦ፣ እግሩን አነባብሮ ያያል። አላፊ አግዳሚው «አቤት አያያዝ! እጅዎ ይባረክ!» ሲለው የትሑት ሰው ሳቅ ይስቃል። ያ የተባረከ እጁ ግን አንድ ቀን እንኳ ግራሶ ነክቶ አያውቅም። ጎማ ሲለወጥ ከጎን ቆሞ «በርቱ፣ በርቱ» ይላል። ሞተር ሲከፈት እንደ ሐኪም ጎንበስ ብሎ ያይና ራሱን ይነቀንቃል። ምን እንዳየ ብትጠይቀው የሚመልስልህ የለውም።

መኪኖቹን የያዘቻቸው እናቴ ነበረች።

የመጀመሪያዋ መኪና ስትገዛ አብረዋት አንድ ሽማግሌ መካኒክ መጥተው ነበር። ዓይናቸው እየደከመ ሄዶ ብሎን ከብሎን መለየት ሲያቅታቸው፣ እናቴ የቤት ሥራዋን ጨርሳ አጠገባቸው እየተቀመጠች ታይላቸው ጀመር። «ከቧንቧዋ ሥር ምን አለ? ረጥቧል ወይስ ደረቅ ነው?» ይሏታል። አይታ ትነግራቸዋለች፤ እሳቸው ደግሞ እጇን እየመሩ ያስፈቷታል። ሽማግሌው ወደ አገራቸው ሲመለሱ መፍቻዎቻቸውን ለእሷ ትተውላት ሄዱ። ቀየት በሚባል ገጠር የቄስ ልጅ ሆና ያደገችው ሴት የሞተር ዘይት በጣቷ አሽታ መለወጫው መድረሱን የምታውቅ ሆነች። ቡና እየወቀጠችም ቢሆን መኪና ወደ ግቢ ሲዞር ትሰማውና «የዚችኛዋ ባሌስትራ ተሰንጥቋል» ትላለች። ሾፌሮቹ መጀመሪያ ሳቁባት። ኋላ ከጉዞ ሲመለሱ በረንዳ ላይ የተቀመጠውን ጌታ ሰላም ብለው፣ በጓሮ በኩል ዞረው መኪናው ምን እንደሆነ ለእሷ ይነግሯት ጀመር።

አባቴም ያውቅ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ግን «እኔ መኪናን እንደ ልጅ ነው የምይዝ» እያለ ያወራል፤ እሷ ወጥ ታወጣለች። አንድ ቀን እንኳ አላስተባበለችውም።

እኔስ? እኔ የእሱ ወገን ነበርኩ። ጓደኞቼ «የባለ መኪናው ልጅ» ሲሉኝ ልቤ ያብጣል። እናቴ በትምህርት ቤቱ በር ስታልፍ፣ ጥፍሯ ሥር የማይለቅ ጥቁር ይዛ ስትጠራኝ፣ ያልሰማሁ እመስላለሁ። ልጅ ስለነበርኩ ነው ብዬ እንዳላልፈው ልጅነት አልነበረም። እናቴን እንቃት ነበር፤ ንቀቱንም አባቴ ፊት ተቀምጬ ነው የተማርኩት።

አሥራ አምስት በሞላኝ ዓመት ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል አንድ ትልቅ የእህል ነጋዴ ልጁን ዳረ። ሙሽራይቱ ከጀማ ወንዝ ማዶ፣ ከለሚ ነበረች። አባቴ የነጋዴውን ደጅ መጥናት ከጀመረ ቆይቷል፤ ስለዚህ ሳይጠየቅ «አጃቢውን በአራቱም መኪኖቼ» ብሎ ቃል ገባ። ከእህል በቀር አልጭንም እያለ የታመመ ሰው እንኳ የሚመልስ የነበረ ሰውዬ፣ አግዳሚ ወንበር አስጠርቦ መኪኖቹ ላይ አስደረደረ።

ችግሩ ከአራቱ አንዷ መቆሟ ነበር። እናቴ የፍሬን ዕቃ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ማንም እንዳይነካት ብላ ጎማዋን አስወልቃለች። የሚይዛት ሾፌር የግሼ ራቤል አገር ሰው ነው። መኪናዋ መቆሟን ሲያይ ሚስቱንና ልጆቹን ሊጠይቅ ሄዷል።

ቅዳሜ ምሳ ላይ የነጋዴው መልእክተኛ ተቀምጦ ሳለ እናቴ ተናገረች።

«አራተኛዋ አትወጣም።»

«ማን አለ?» አለ አባቴ።

«ፍሬኗ ሲቀዘቅዝ ይይዛል፣ ሲሞቅ ይለቃል። የጀማ ቁልቁለት ላይ ደግሞ መሞቁ አይቀርም። በሦስቱ ይሂዱ።»

«አራት ያልኩት ሰው ሦስት ቢቆጥር ምን ሊለኝ ነው?» አለና ወደ እንግዳው ዞሮ ሳቀ። «የቄስ ልጅ አይደለች፣ ፍሬን መተርጎም ጀምራለች!»

እንግዳው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ከሰዓት በኋላ ጎማውን አስገጠመ። እሑድ ጠዋት መኪናዋ አልነሳ ስትል ግን፣ ናፍጣ ወደ ሞተሩ የምታደርሰው ቀጭን ቧንቧ ቦታዋ ላይ እንደሌለች አወቁ። እናቴ ፈትታ፣ ነጠላዋ ውስጥ ጠቅልላ፣ ቅዳሴ ሄዳለች።

አባቴ ግቢ ውስጥ ወዲያና ወዲህ አለ። ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ሚስቱን ቢጎትት ሰው ያወራል፤ በዚህ ዓለም የሚፈራው ይህን ብቻ ነበር። እኔን ጠራኝ።

«ሂጂና ቧንቧዋን አምጪ። የምትያትን አንቺ ታውቂያለሽ። ካመጣሽ ፊተኛዋ መኪና ጋቢና ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ትቀመጫለሽ።»

በሴቶች በኩል ገባሁ። እናቴ ግድግዳው ጥግ ቆማለች። አጠገቧ የነበሩት ሴቶች ከሽታው ራቅ ብለው ቆመዋል። ናፍጣው ከነጠላዋ አልፎ ቀሚሷ ላይ ወርዷል። ጆሮዋ ሥር ተጠግቼ «አባባ መኪናዋ ትቅር ብለዋል» አልኳት።

ዞር ብላ አየችኝ። «ራሳቸው?»

«አዎ። በሦስቱ እንሂድ ብለዋል። ቧንቧዋን ስጪኝና ቤት ላስቀምጥልሽ፤ ልብስሽን እያበላሸችብሽ ነው።»

የዚያን ጊዜ ፊቷን ብታየው! «ሰሙኝ?» አለች። «ሰሙኝ በይኛ!» እንደ ልጃገረድ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ሳቀች። ከዚያ ቧንቧዋን በመሐረብ ጠቅልላ እጄ ላይ አኖረችልኝና ወደ ጸሎቷ ተመለሰች። እኔ የጋቢናውን ወንበር እያሰብኩ ወጣሁ።

ግቢ ስደርስ የራቤሉ ሾፌር ለሠርጉ ተጠርቶ መጥቶ መኪናዋን እየዞረ ያያል። «የፍሬኑ ዕቃ መጣ እንዴ ጌታዬ?» አለ።

«ተገጥሞ አልቋል። ሰው እየጠበቀ ነው፣ ፍጠን!»

ሾፌሩ ቧንቧዋን ከእጄ ሲቀበል ዓይን ዓይኔን አየኝ። «እትዬ ናቸው የላኩሽ?»

አባቴ ከኋላው ቆሟል። «አዎ» አልኩ።

«እሳቸው ከላኩማ ተሠርቷል» አለና ገጠማት።

አባቴ ከነጋዴው ጋር በትንሽ መኪና ቀድሞ ሄደ። እኔ በፊተኛዋ የጭነት መኪና ውስጥ ነበርኩ፤ የራቤሉ ሾፌር ሠርገኛውን ሞልቶ ከኋላችን ይከተላል። ዘፈኑ፣ ጭብጨባው፣ አቧራው። ቁልቁለቱን ካጋመስን በኋላ ከኋላ ክላክስ ተነፋ፤ ለደስታ የሚነፋ መስሎኝ ነበር። አላቋርጥ ሲል በስፖኪዮው አየሁ። መኪናዋ በእኛ ላይ እየመጣች ነው፤ ዘፈኑም ጩኸት ሆኗል። የእኛ ሾፌር መንገድ ሊለቅ ቢፈልግ በቀኝ ገደል ነው። የራቤሉ ሾፌር መሪውን ወደ ግራ ሲጠመዝዝ አየሁት። በራሱ በር በኩል ከቋጥኙ አጋጫት፤ እየፋቀች ሄዳ ቆመች። የሠርገኛው እጅና እግር ተሰበረ፣ ጥርስ ወለቀ። የሞተው ሾፌሩ ብቻ ነው።

አባቴ ምን ያለ ይመስልሃል? ወደ ኋላ ተመልሶ፣ የሰውየው ሬሳ ሳይነሳ፣ ነጋዴው ፊት ቆሞ «ጠጥቶ ነበር» አለ። ቁርስ እንኳ ሳይቀምስ የወጣውን ሰው! በዙሪያው የነበሩትም «እኛም ጠርጥረን ነበር» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

እናቴ ይህን ሰማች። በሦስተኛው ቀን «ተነሺ» አለችኝና በአውቶቡስ ሁለት ቀን ሄደን ራቤል ደረስን። ወሬው ቀድሞን ደርሷል፤ ለቀስተኛው ሟቹን እንደሚገባ ማልቀስ እንኳ አፍሯል። እናቴ ድንኳኑ መካከል ቆመች።

«የራቤል ሰዎች፣ ስሙኝ። ይህ ሰው አልጠጣም። ፍሬኑ አልተሠራም ነበር። ጥፋቱ የእኛ ቤት ነው።»

አንድ ሽማግሌ «እግዜር ይስጥሽ ልጄ» አሉ። ከዚያ ልቅሶው እንደ አዲስ ተነሳ። እኔ ራሴን መግዛት አቅቶኝ ከሁሉ በላይ ጮኼ ሳለቅስ፣ የሟቹ ሚስት ራሷ መጥታ አቀፈችኝ። «አይዞሽ፣ በቃሽ። ጎበዝ ተማሪ ናት እያለ ስላንቺ ያወራን ነበር» አለችኝ። እውነቱን አልነገርኳትም። ዛሬም የማታውቀው ነገር ነው።

እናቴ ከዚያ ወዲያ መኪና አልነካችም። መፍቻዎቹን በረንዳው ላይ፣ አባቴ እግር ሥር አስቀመጠችለትና ጨረሰች። ያ የተመሰገነ አያያዝ ሁለት ክረምት አልሞላም። አንዷ ሞተሯ ነደደ፣ አንዷ ጋራዥ ቀረች፣ የመጨረሻዋ ለብረት ተሸጠች። አባቴ ግን አርጅቶም «መኪና መያዝ እንደኔ ዘመን ቀረ» ይል ነበር፤ የሚሰማውም አላጣም።

ከራቤል የተመለስን ዕለት፣ አውቶቡሱ ውስጥ፣ የዋሸኋትን ለእናቴ ነገርኳት። መስኮቱ የማይዘጋ ነበርና የመንዝ ብርድ ፊታችንን ይገርፈናል። የምትመታኝ መስሎኝ ነበር፤ ብትመታኝ እወድ ነበር።

«ሃያ ዓመት አብሬያቸው ስኖር አንድ ቀን ሰምተውኝ አያውቁም» አለች። «ያን ዕለት እንዴት አመንኩሽ? ደስ ስላለኝ ነው።»

ከዚያ ጋቢዋን ከትከሻዋ አውልቃ ጉልበቴ ላይ ደረበችልኝና ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።