የተቀቀለው መንጋጋ

በየጠዋቱ ጓንቷን አጥልቃ፣ ከአንድ የሟች ጥርስ ላይ እንደ ወረቀት የሳሳ ቁራጭ በትንሽ መጋዝ ትቆርጣለች። ባልደረቦቿ «ዕድሜ ቆጣሪዋ» ይሏታል። ሰው በሕይወት ሳለ በጥርሱ ውስጥ ያለ አንድ የፕሮቲን ክፍል ከዓመት ዓመት በዝግታ ቅርጹን ይገለብጣል። የተገለበጠውን በመሣሪያ ለክታ ሟቹ ስንት ዓመት እንደኖረ ትናገራለች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራዋ ይኸው ነው።

ከአምስት ወር በፊት ከአንድ የድንጋይ ካባ መንጋጋ ብቻ ተገኝቶ መጣላት። ጥርሱ የሽማግሌ ጥርስ ያህል አልተሞረደም፤ አይታዋለች። ግን መሣሪያውን ስላመነች «ስልሳ ዓመት ገደማ» ብላ ጻፈች። ኮሪደሩ ላይ የሃያ ስድስት ዓመት ልጃቸው የጠፋባቸው እናት ይጠብቁ ነበር።

«የእርስዎ ልጅ አይደለም፣ እማማ።»

«አፌ ቁርጥ ይበልልሽ!» ብለው እጇን ሳሙ። «አለ ማለት ነው! ያ ቀልማዳ አንድ ቀን በሩን በርግዶ ይገባል።»

መንጋጋው በስም ፈንታ በቁጥር ተቀበረ።

ዛሬ ፊርማ ፍለጋ ወደ ሬሳ ክፍሉ ስትወርድ፣ አዲሱ ሬሳ አጣቢ ምድጃ ላይ ድስት ጥደዋል።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው የሚቀቅሉት?»

«ምሳ መስሎሽ ነው?» ሳቁ። «መንጋጋ ነው እንጂ። ሥጋው በቢላ እንቢ ሲል አፈላዋለሁ። ንጹሕ አይደል እንዴ የምልክልሽ?»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከገባሁ ጀምሮ። ዓመት ሊሞላኝ ነው።»

«የካባውንም?»

«እሱማ ሙጭጭ ብሎ ሦስት ቀን እሳት ላይ ከረመ።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጊዜ በሠላሳ ዓመት የሚሠራውን ሙቀት በሦስት ቀን ይሠራዋል። ይህን ለቀድሞው አጣቢ ነግራው ነበር፤ ጡረታ ሲወጣ ለአዲሱ መንገር ረሳች።

ነገሩን ስታስረዳቸው አጣቢው ማማሰያውን አስቀመጡ። «ጥፋቱ የኔ ነው እንግዲህ። ግን ሴትዮዋ ተስፋ አግኝተው እፎይ ብለዋል፤ ምናለ ብትተዪያቸው?»

«ተስፋውን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።»

ወደ ቢሮዋ ወጥታ «የጻፍኩት ዕድሜ አይታመንም» የሚል ደብዳቤ ለፖሊስ ጻፈች። በዓመቱ ከተቀቀሉት መንጋጋዎች ያወጣችውን አሥራ አንድ ውጤትም ሰረዘች። ከዚያ ለእናትየዋ ደወለች።

«ተገኘ እንዴ?» አሉ ገና ስልኩን እንዳነሡ።

«ያኔ ልጅዎ አይደለም ያልኩት ስህተት ሊሆን ይችላል፣ እማማ።»

ሰኞ መቃብሩ ይቆፈራል፤ ከእናትየዋም ለዘረመል ምርመራ ደም ይወሰዳል። ውጤቱ ሦስት ወር ይፈጃል።