ጋሽ ወስፌ እና የለጋሾች ሰሌዳ

የወጣቶች ማኅበሩ ለቋሚ ፈንዱ ገንዘብ የሰጡ ሰዎችን ታሪክ በትንሽ መጽሔት ሊያወጣ ነው ተብሎ፣ የወንድሜን እኔ እኅቱ እንድጽፍ ተጠየቅሁ። እኔ ከደብዳቤ ሌላ ጽፌ አላውቅም፤ ደብዳቤም ቢሆን አጭር አጭሩን ነው። ስሕተት ካለበት አርሙት። ውሸት ግን የለበትም።

ወንድሜ ጫማ ሰፊ ነው። ከወጣቶች ማኅበሩ አጥር ጥግ ከተቀመጠ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ትንሽ ነው የቀረው። መጀመሪያ ከአጥሩ ውጭ ነበር የሚሠራው። አንድ ቀን ዝናብ ቆዳውንም እሱንም ሲያበሰብሰው የያኔው ኃላፊ አይተው፣ «ምን ሆነህ ነው እዚያ የምትታጠበው? ግባና ከጣራው ሥር ተቀመጥ» አሉት። ገባ፤ ተቀመጠ። እስከ ዛሬ ኪራይ ክፈል ያለው የለም። እሱም የማኅበሩን ኳስ አስከፍሎ ሰፍቶ አያውቅም።

ልጆቹ ጋሽ ወስፌ ይሉታል። ሲያወራም፣ ሲስቅም፣ ሲቆጣም ወስፌውን ከእጁ አያስቀምጥም።

ኳስ መስፋት እንደ ጫማ አይደለም። ስፌቱን በአንድ ወገን ቀስ ብሎ ይፈታል፤ አየር የሚይዘውን የውስጡን ከመነዳሪ አውጥቶ ውሃ ውስጥ ይነክረዋል፤ አረፋ የሚያወጣውን ቦታ በጣቱ ይዞ ያደርቅና በማስቲሽ ይለጥፋል። ከዚያ ክሩን ሰም ቀብቶ ይሰፋዋል። የመጨረሻዋን ቋጠሮ ወደ ውስጥ ይደብቃታል። «ልጅ በግንባሩ የሚመታው ነገር ነው፤ ቋጠሮ ውጭ ከቀረ ቆዳ ይልጣል» ይላል።

«ጋሽ ወስፌ፣ ይሄ ኳስ እኮ ከቆዳው ያንተ ክር በዛ!» ይሉታል ልጆቹ።

«እንግዲያው ጎል ስታገቡ ግማሹን ለእኔ ቁጠሩልኝ» ይላቸዋል።

አምና ማኅበሩ ቋሚ ፈንድ የሚባል ነገር ጀመረ። እኔ አልገባኝም ነበር፤ ያስረዳኝ ወንድሜ ነው። «ገንዘቡን እንደ ላም ቁጠሪው፤ ላሟን አያርዷትም፤ ወተቷን ብቻ ነው የሚጠጡት። እኛ ብናልፍም ላሟ ትኖራለች» አለኝ። ከዚያ አንድ ቀን በእግር የምትረገጠውን የቆዳ መስፊያ መኪናውን ሸጠ። ዓይኑ ደክሞ መርፌዋን መከተል ካቃተው ቆይቷል። የሸጠበትን እንዳለ ለፈንዱ ሊሰጥ መሆኑን ሲነግረኝ ተናደድኩ።

«መጀመሪያ ለራስህ መነጽር አትገዛም?»

«አለኝ እኮ።»

«እጀታውን በክር ያሰርከውን ነው?»

«ክሩ ያለው ጆሮዬ ላይ ነው፤ ዓይኔን ምን አደረገው?»

ከእሱ ጋር መከራከር አይቻልም። አብሬው ወደ ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊዋ ቅን ልጅ ናት፤ ተነሥታ ወንበር ሰጠችን። ገንዘቡን ተቀብላ ፈርማ ስታበቃ፣ «ጋሼ፣ አዳራሹ ውስጥ የለጋሾች ሰሌዳ ሊሰቀል ነው። ስምዎ እንዲጻፍ ይፈልጋሉ?» አለችው።

«አይ ልጄ፣ የእኔ ስም ደግሞ ምን ያደርጋል? ይቅር» አላት።

«እሺ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን» ብላ ወረቀቱ ላይ ምልክት አደረገች። አለቀ።

እኛ እንዲህ አልነበረም ያደግነው። ሰው ቤት ገብተህ ብላ ስትባል፣ ሆድህ እየጮኸ «በልቻለሁ» ትላለህ። «ኧረ በሞቴ» ስትባል «እውነቴን ነው» ትላለህ። ሦስተኛው ላይ እጅህን ትታጠባለህ። ጸሐፊዋ ግን አንዴ ጠይቃ ገበታውን አነሳችው።

ከወንድሜ ጋር ወደ ቤት መመለስ ጀመርን። መንገዱን ልንጨርስ ስንል፣ «ከልቤ መሰላት እንዴ?» አለኝ።

ሳቄ መጣ፤ ፊቱን ሳይ ግን ዋጥኩት።

ነገሩ በዚያ የሚያልፍ መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ ምሳ ላደርስለት ስሄድ ሥራውን ትቶ ባዶ ግድግዳ ያያል። «አባባ ስሙ የት ተጽፎ ያውቃል?» አለኝ። አባታችን ዕድሜውን ሙሉ በጀርባው የሰው ዕቃ ሲሸከም ኖሮ ነው የሞተው። መቃብሩ ላይም ድንጋይ እንጂ ጽሑፍ የለም። «እኔ አልወለድኩ። ያንቺ ልጆች በአባታቸው ነው የሚጠሩት። የእኔ ስም ቢጻፍ እኮ የአባባም አብሮ ይጻፍ ነበር።»

«ታዲያ ሄደህ ንገራት።»

«ሰጥቼ ሳበቃ ስሜን ጻፉልኝ ልበል? ሰው ምን ይለኛል?»

«እኔ ልንገራት።»

«ብትነግሪያት አንቺም እኅቴ አይደለሽ፣ እኔም ወንድምሽ አይደለሁ!»

ለጋሾቹ የሚመሰገኑበትና ሰሌዳው የሚሰቀልበት ቀን እሑድ መሆኑን ሰማሁ። ስሞቹን የሚጽፈው ቀለም ቀቢ ሰሌዳውን ጨርሶታል አሉ። እሑድ ካለፈ ደግሞ ማን መልሶ ያወርደዋል?

እኔ ሱቅ ገብቼ እንኳ ዋጋ ለመጠየቅ የማፍር ሰው ነኝ። በቢሮው በር ፊት ሁለቴ አለፍኩ። በሦስተኛው ጸሐፊዋ ራሷ ወጥታ፣ «እትዬ፣ የጠፋዎት ነገር አለ?» አለችኝ። የጠፋኝ ምላሴ ነበር። እንደ ምንም «የወንድሜ ስም...» አልኩ።

«እሳቸው እኮ ይቅር ብለዋል።»

«አንዴ ነው የጠየቅሽው።»

«አንዴ አይበቃም?»

«ሦስት ጊዜ ነው» አልኳት።

ልትስቅ ነበር፤ እንባዬን ስታይ ተወችው። የአባታችንንም ነገር አልደበቅኋትም። እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እኔ እኮ ላክብራቸው ብዬ ነው!» አለች። ሰሌዳውን አሳየችኝ። ከታች፣ የመጨረሻው መስመር ላይ፣ «ስማቸው እንዲጠቀስ ያልፈለጉ ለጋሽ» ይላል። ጽሑፉ ሲያምር!

በማግስቱ አንድ የተቀደደ ኳስ በብብቷ ይዛ መጣች። እኔ ምሳ ዕቃውን ይዤ ተቀምጫለሁ። ኳሱን ሰጠችውና፣ «ጋሼ፣ ያ የስሙ ነገር... ብንጽፈው ምናለ?» አለች።

«ተይ ልጄ፣ ሰው ይስቃል።»

«ማን ይስቃል? ልጆቹ ሁሉ ያውቁዎታል።»

«ካወቁኝ መጻፉ ለምን አስፈለገ?»

 ይህን ሲባባሉ አንድ ሰውዬ ተረከዙ የተነቀለ ጫማውን አውልቆ በመሃል ሰጠው። እሷም ልትሄድ ተነሣች። ከቢሮው ጋር ገና ሁለት ጊዜ ነው የጠየቀችው፤ ሦስተኛው ቀርቷል።  የምሳ ዕቃውን ክዳን ድንጋዩ ላይ ጣልኩት፤ ድምፁ አስደነገጣት። አየችኝ፤ ገባት።

«ጋሼ፣ በሞቴ!» አለች። «ሰሌዳው ላይ ስም የሌለው መስመር ሲያዩ ኃላፊው የሚቆጡት እኔን ነው።»

ወንድሜ ወስፌውን ሣጥኑ ላይ አስቀመጠው። «እንግዲህ አንቺን የሚቆጡ ከሆነማ... ከጻፋችሁት አይቀር ከነአባቴ ጻፉት።»

«እኔ እኮ በአንድ እግሬ ቆሜአለሁ!» አለ ባለ ጫማው።

«ቁም! የአባቴን ስም እየነገርኳት ነው።»

ወንድሜ ይህን ሲያነብ ነው እንግዲህ ሚስጥሩ የሚወጣብኝ። ጋሼ፣ እኅትህ ነኝ፤ ማረኝ።

እሑድ ዕለት ለጋሾቹ በየተራ ተጠሩ፤ አንድ ባለ መጋዘን ነጋዴ፣ አንዲት ነርስ፣ አንድ ጡረታ የወጡ ሹፌር። ለሁሉም ተጨበጨበ። የወንድሜ ስም ከነአባቱ ሲጠራ ግን ልጆቹ «ማን ነው?» ተባባሉ፤ ለካስ በስሙ አያውቁትም። ከወንበሩ ሲነሣ ሲያዩት «ጋሽ ወስፌ!» ብለው ጮኹ። ማስቲሽ ያጠቆረው ጥፍሩ እንዳይታይ እጁን ኪሱ ከትቶ ወጣ፤ ኃላፊው ሊጨብጡት ሲሉ ማውጣቱ አልቀረም። ከመድረኩ የወረደው በሩጫ ነው ማለት ይቻላል። 

ሰኞ ምሳ ይዤ ስመጣ ሣጥኑ አልተከፈተም። ታሞ ይሆን ብዬ ደነገጥኩ። የማኅበሩ ዘበኛ በአገጩ ወደ አዳራሹ አመለከተኝ።

ወንድሜ ብቻውን ከሰሌዳው ፊት ቆሟል። ቀለም ቀቢው የድሮውን ጽሑፍ ፍቆ በላዩ ነው የጻፈው፤ በጎን ካዩት የፊተኛው ፊደል በስሱ ይታያል። ወንድሜ ያንን ክር የታሰረ መነጽር አድርጎ ከላይ ጀምሮ እያንዳንዱን ስም በጣቱ አየር ላይ እየተከተለ ያነባል። ታች ሲደርስ የራሱን ዘለለው። የአባባን ብቻ፣ ሰው እንደሚጠራ አድርጎ፣ ጮክ ብሎ አነበበው።

ከዚያ ዞር ሲል አየኝ።

«መጋረጃውን ሳቢው» አለኝ፤ «ፀሐይ ቀለም ይበላል።»