አቶ አትርገብገብና ጭልፊቷ

ጎረቤቴ ዕድሜውን ሙሉ ሰውን ዝም ብለህ ተቀመጥ ሲል የኖረ ሰው ነው። ሙያው ጉርድ ፎቶ ማንሳት ነበር። «አገጭ ቀና፣ ትከሻ ዝቅ፣ እንዳትርገበገብ! አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» ይልና ጠቅ ያደርጋል። ሰፈርተኛው ስሙን ትቶ አቶ አትርገብገብ ብሎት ቀረ። ሰው ሁሉ ራሱን በስልኩ ማንሳት ሲጀምር ፎቶ ቤቱን ዘጋ። እንዲህ ያለ ሰው ጡረታ ሲወጣ ምን ይመኛል ብትሉኝ ዕረፍት እል ነበር። እሱ ግን የተመኘው የማይቀመጥለትን ነገር ማንሳት ሆነ።

ያቺ የማትቀመጠው ጭልፊት ናት። ከበረንዳዬ ፊት ለፊት ባለው የውሃ ማማ ላይ ጎጆ አላት፤ ለዚህም ባልና ሚስቱ በየምሽቱ እኔ በረንዳ ላይ ናቸው። ቀን ቀን ድንጋይ መስላ ትውላለች፤ ጀምበር ጠልቃ የሌሊት ወፎች ከጣሪያ ሥር ሲወጡ ግን እንደ ተወረወረ ቢላ ትወርዳለች። ችግሩ ያን ሰዓት ብርሃን የለም።

የእህቱ ልጅ የስፖርት ፎቶ አንሺ ነው፤ ክንድ የሚያህል ሌንስ አውሶታል። «አጎቴ፣ አይኤስኦውን፣ የካሜራውን ብርሃን መቀበያ፣ ወደ ላይ ስቀለው፤ ፍጥነቱን እንዳታወርድ። ምስሉ አሸዋ የተነሰነሰበት ቢመስል ይቅር ይባላል፤ የተንቀጠቀጠ ግን ይቅር አይባልም» ብሎ መክሮታል። ነገ ጠዋት ሌንሱን ለሥራው ይወስደዋል። ጫጩቶቹም ክንፋቸውን መሞከር ጀምረዋል፤ እነሱ ከበረሩ እናትየዋም አትቆይም። የቀረችው ይህች ምሽት ብቻ ናት፤ እስካሁን ያነሳው ደግሞ ሁሉም ባዶ ሰማይ ነው።

«ዛሬም ሰማይ ይዘህ ከገባህ» አለች ሚስቱ፣ ሩዝ የሞላችውን ትራስ በበረንዳው ብረት ላይ እያመቻቸች፣ «ለአየር ትንበያ ሰዎች እንሰጥልሃለን።»

«ቀስ በይ፣ ትሰማሻለች!»

ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ ይስሙልኝ! እሱ ራሱ ሰምቶኝ የማያውቅ ሰው፣ ጭልፊት ትሰማሻለች ይለኛል።»

ሌንሱ ትራሱ ላይ ተጋደመ። ሰማዩ የመዳብ ቀለም ያዘ። የመጀመሪያዋ የሌሊት ወፍ ብቅ ስትል፣ በመጻሕፍት መካከል ያረጀው ልቤ እንደ ሕፃን ልብ ዘለለ።

ጭልፊቷ ማማውን ለቀቀች። ጠቅ! ሰማይ።

ሚስቱ ግን ወፏን ትታ እሱን ስታይ ነበር። «አንተ ሰውዬ! ትቆጥራለህ እኮ!»

«ማ? እኔ?»

«በከንፈርህ! አንድ፣ ሁለት እያልክ! ሦስት እስክትል እሷ እራቷን በልታ ትጨርሳለች።»

እውነቷን ነው። ጣቱ ሦስት ካልተባለ አይታዘዝም። ስለ ፈቃድ ነፃነት ስንት ዓመት ፍልስፍና አስተምሬአለሁ፤ ነፃነት በአንድ ጣት ላይ እንዲህ ታስሮ ያየሁት ግን ያን ምሽት ነው።

«በቃ አልቆጥርም» አለ። ጭልፊቷ ተመልሳ መጣች። አልቆጠረም፤ ቁልፉንም አልተጫነም። ፈዝዞ አያት።

«ኧረ ተጫነው!» ብዬ ጮህኩ፣ ራሴን ረስቼ። አለፈች።

ብርሃኑ እየተሟጠጠ ነው። እጁን በሱሪው ጠረገ። ሚስቱ ጆሮው ሥር ተንበረከከች። «አንተ በሌንሱ ብቻ ተከተላት። መቁጠሩን ለእኔ ተወው።»

ጭልፊቷ እንደገና ተወረወረች። ሌንሱ አብሯት ዞረ። ዞረች፣ ተገለበጠች፣ ጥፍሯን ዘረጋች...

«ሦስት!» ብላ ጮኸች ሚስቱ፤ አንድም ሁለትም ሳትል።

ጠቅ!

ሦስታችንም በዚያች ትንሽ ስክሪን ላይ ግንባር ለግንባር ተጋጨን። ምስሉ አሸዋማ ነው፤ የአንዱ ክንፍ ጫፍም ተቆርጧል። ዓይኗ ግን! ዓይኗ እንደ መርፌ ጫፍ ጠርቷል፤ ጥፍሯ የሌሊት ወፏን ሊጨብጥ ጥቂት ቀርቶታል።

«አየሽ? አየሽ ወይ? ጋሼ፣ አዩልኝ?» እያለ የሚስቱን ትከሻ ይዞ ይነቀንቃል። ወዲያው ወደ ሌንሱ ተመለሰ። «በይ ድገሚው!»

«ምኑን ልድገም? ጨልሟል እኮ!»

«ድገሚው አልኩሽ!»

«ሦስት!» አለች እየሳቀች። ጠቅ። ጥቁር። «ሦስት!» ጠቅ። ጥቁር። በሚቀጥለው እኔም አብሬያት ጮህኩ።