የጎደለው ሰጎን

ጋሽ ቢሰጥ አዋሽ ሰባት ኪሎ አጠገብ ባለው ፓርክ የአራዊት ጠባቂ፣ ስካውት ሆነው ሲቀጠሩ የተሰጣቸው ትእዛዝ ሁለት ነበር፤ ሰጎን መቁጠርና የግሪሳ ወፍ ስትመጣ ማመልከት። ሰጎን በሕግ የተጠበቀች ናት። በእሳቸው ክልል ዐሥራ አራት አሉ፤ አንዷ ከጎደለች ሰማያዊ ቅጽ ይሞላል፣ በሦስተኛው ቀን አጣሪ በመኪና ከች ይላል። ጭብጥ የማትሞላው ግሪሳ ግን እንደ ደመና መጥታ ማሽላ የምታራግፍ ጠላት ስለሆነች ቅጽ የላትም፤ ያላት አውሮፕላን ነው። መርዙ በተረጨ ማግስት «በሚሊዮን የሚቆጠር ተደመሰሰ» ይባላል፣ ይጨበጨባል።

«ሲፈጥርም ሰጎን አድርጎ ይፍጠር ነው» ይላሉ ጋሽ ቢሰጥ፣ ባቡር ጣቢያው በር ላይ ሻይ የምትሸጠው የወሎዋ ሰዓዳ ዘንድ አረፍ ብለው።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ዓመተ ምሕረት አንድ ቅዳሜ ጣቢያው ላይ የውትድርና አፈሳ ሆነ። የጋሽ ቢሰጥ አንድ ልጅ አትክልትና የሰዓዳ ልጅ ጣሃ አንድ ካሚዮን ላይ ተጫኑ። ጋሽ ቢሰጥ ቀበሌ ሮጡ።

«ስንት ናቸው?» አለ ሊቀመንበሩ ቀና ሳይል።

«አንድ ነው፣ ጓድ። ያለኝም አንድ ነው።»

«አንድ ብሎ ነገር የለም። የዛሬዎቹ በጅምላ ነው የሄዱት፤ ስም አልተያዘም።»

ጋሽ ቢሰጥ ቤታቸው ገብተው ሰማያዊውን ቅጽ አወጡ። «የጎደለው ሰጎን መግለጫ» በሚለው ላይ ጻፉ፦ «ወንድ። እግረ ረጅም፣ አንገተ ረጅም። ግራ ጉልበቱ ላይ ጠባሳ አለው። ነጭ ሸሚዝ። መጨረሻ የታየው ካሚዮን ላይ።»

በሦስተኛው ቀን መኪናው መጣ። አጣሪዋ ወይዘሪት ፅጌረዳ ቅጹን ሁለቴ አንብባ መነጽሯን አወለቀች።

«ጋሽ ቢሰጥ፣ ሰጎን ሸሚዝ ይለብሳል?»

«ልጄ ጠፋ ብዬ ብጽፍ ይመጡልኝ ነበር?»

በሐሰት ሪፖርት ልታሳስራቸው ትችል ነበር። «ስሙ ማን ነው?» አለች። ከዚያ ከቦርሳዋ ማኅተም አወጣችና «አትክልት ቢሰጥ ለሰጎን ቆጠራ በአስቸኳይ ይፈለጋል» የሚል ደብዳቤ ጽፋ ራሷ ወደ ወታደር ማሠልጠኛው ወሰደችው። በሳምንቱ አትክልት ራሱን ተላጭቶ ተመለሰ። ከደብዳቤው ጀርባ የማሠልጠኛው አዛዥ «አንድ፣ ተመላሽ» ብሎ ፈርሟል።

በማግስቱ ሰዓዳ ሻዩን ቀድታ አጠገባቸው ቆመች።

«አልሐምዱሊላህ፣ የእርስዎስ ገባ። ጋሽ ቢሰጥ፣ ያ ሰማያዊ ወረቀት ሌላ አለዎት?»

ብርጭቆውን አስቀመጡ። ቅጹን ከኪሳቸው አውጥተው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ።

«ጣሃ ቁመቱ ስንት ነው?»

መልሷን ለመስማት ቀና ሲሉ፣ ከሰዓዳ ጀርባ ልጅ የታፈሰባቸው ሌሎች እናቶች እስከ ሐዲዱ ድረስ ተሰልፈው ቆመዋል። በክልላቸው ያሉት ሰጎኖች ግን ዐሥራ አራት ብቻ ነበሩ።