እናቴ ሰፈር የምትመርጠው እሳት ለምና ነው

ዛሬ ተክለ ሃይማኖት ጋ የሚከራይ ቤት እያየን እናቴ ጠፋችብኝ።

ስፈልጋት ለካ ጎረቤት በር ላይ ቆማ «እሳት ልጭር ነበር» እያለች ነው። በዚህ በኤሌክትሪክ ዘመን!

ነገሩ የቆየ ነው። በጃንሆይ ጊዜ፣ አዲስ ሙሽራ ሳለች፣ አባቴ ከመርካቶ ወጥቶ ድሬዳዋ ሊነግድ ይዟት ሄደ። በዚያ ሐሩርና አሸዋ መሀል፣ ወንዙ ዳር ዛፍ የበዛበት ሰፈር አገኙ። አባቴ ማንጎ ያለበትን ግቢ ሲያይ «በቃ፣ እዚሁ ነው!» አለ።

እሷ ግን ገል ይዛ ጎረቤት እሳት ልትጭር ሄደች። የማንጎው ግቢ ጎረቤቶች፣ ጭሳቸው በጣሪያ እየወጣ፣ «እሳት የለንም» አሏት። ወረድ ብሎ ያለችው ሴትዮ ግን «እጅሽን እንዳያቃጥልሽ» ብላ ፍሙን ራሷ ይዛላት መጣች።

የተከራዩት ከሴትዮዋ አጠገብ፣ አንድም ዛፍ የሌለበትን ግቢ ነው። (አባቴ እስኪሞት ማንጎውን እንዳነሳ ነበር።)

ዛሬ በሩን የከፈተችው ልጅ ሳቀች። «እማማ፣ የኔ ምድጃ የኤሌክትሪክ ነው። ግን ምን ሊያበስሉ ነው? ይምጡ፣ እዚሁ ይጣዱት» አለቻት።

እናቴ ወደ እኔ ዞራ «ቤቱን ያዘው» አለችኝ። ውስጡን ገና አላየችውም።

የእናንተ እናቶችስ ጎረቤት የሚፈትኑት በምንድን ነው? ቶሎ ንገሩኝ፤ የኔዋ ድስት ፍለጋ ሄዳለች።