በሁለት ቋጠሮ የታሰረው ጆንያ

ኦቾሎኒ መፈልፈል ሲያዩት ቀላል ነው። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ይይዙታል፤ ጫፉን ጫን ሲሉት ቀጭ ብሎ ይከፈታል። ከማለዳ እስከ ማምሻ ሲሠሩት የዋሉ እንደሆነ ግን ጣት የራስ መሆኑ ይቀራል። የኦቾሎኒ መቁያው ቤት ሠራተኞች «ቀጭቀጭ» የሚሏት ሴት እጇ ከሁሉም ይፈጥናል፤ ከሥራ ስትወጣ ግን መርፌ ቢወጉት አይሰማውም።

ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው ከአማቷ ጋር ነው። አሮጊቷ ዓይናቸው ደክሟል። ጓሮ ያለችው የቃሪያ መደብ ግን የእሳቸው ግዛት ናት። ቅጠሉን ዳበስ አድርገው «ይሄ ጠምቶታል፣ ያኛው ጠግቧል» ይላሉ፤ አይሳሳቱም። ለመደቧ ከሥራ ቦታዋ የኦቾሎኒ ቅርፊት የምታመጣላቸው ምራታቸው ነች።

ቅርፊት ሲጥሉት ቆሻሻ ነው፤ ሥራ ላይ ሲያውሉት ግን ጉድ የሚያሰኝ ነገር ነው! የአበባ ማሰሮ ውስጥ ከታች ሲነጠፍ ትርፉን ውሃ ያሳልፋል፣ ሥሩም አይበሰብስም። አፈር ላይ ሲነሰነስ ፀሐይ እርጥበቱን አትመጥጠውም፣ አረምም እንደልቡ አንገቱን ቀና አያደርግም። ቆይቶ ደግሞ ራሱ አፈር ይሆናል። ብቻ አስቀድሞ ረገጥ ረገጥ ማድረግ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ውስጡ የቀረች ፍሬ አይጥ ትጠራለች። ከዚያ ውሃ ማርከፍከፍ ነው፤ አለዚያ ነፋሱ ለጎረቤት ያድለዋል። አሮጊቷ የተረፈውን ጨርቅ ውስጥ ሰፍተው ለምራታቸው የሥራ መቀመጫ ትራስ እንኳ አድርገውላታል።

ከሁሉም በላይ ግን ቅርፊቱ ከየትኛው ኦቾሎኒ እንደወጣ ማወቅ ያስፈልጋል። በመቁያው ቤት አንዱ በጥሬው ተፈልፍሎ ይሸጣል፤ ሌላው ከነቅርፊቱ ጨው ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይቆላል። የዚህኛው ስብርባሪ ቅርፊት ጨው ጠጥቷልና ለምድጃ እንጂ ለአፈር አይሆንም። የቅርፊቱ ጆንያ የሚቀመጥበት ዕቃ ቤት ጨለማ ስለሆነ ምልክቱ ለእጅ የተበጀ ነው፤ የጥሬው ጆንያ በአንድ ቋጠሮ፣ የጨዋማው በሁለት ይታሰራል።

ቀጭቀጭ አንድ ቀን ከሥራ በኋላ እግሯን እየጎተተች ዕቃ ቤቱ ገባች፣ ጆንያ ተሸከመች፣ ወጣች። ቤት ደርሳ ቋጠሮውን በጨለማ፣ በደነዘዘ ጣቷ ፈታችው። ስንት ቋጠሮ እንደነበረ አላወቀችም። ቅርፊቱን የቃሪያ ችግኞቹ ሥር ነሰነሰችው፤ አሮጊቷም በየማለዳው ውሃ አርከፈከፉበት።

ጥቂት ቆይቶ የቅጠሎቹ ጠርዝ እሳት የላሰው መሰለ።

«እጄ ከድቶኛል» አሉ አሮጊቷ፣ ቅጠሉ ጣታቸው ላይ ሲፈረፈር።

«ፀሐዩ ነው፣ እማዬ።»

«ፀሐዩማ አምናም ነበር። ውሃ አብዝቼ ይሆናል፣ አሳንሼ ይሆናል፤ እኔ ምኑን አውቄው! ከእንግዲህ እዚህ ቤት የሚበላ አፍ ብቻ ነኝ። ለታናሹ ልጄ ላኪበትና እሁድ መጥቶ ይውሰደኝ።»

«እሱ ቤትኮ ጓሮ የለም።»

«እጅ የሌለው ሰው ጓሮ ምን ያደርግለታል?»

ላከችበት። ለመከራከር የሚሆን ጉልበት አልነበራትም።

ቅዳሜ ዕለት የመቁያው ቤት እሳት አንዳጅ መፈልፈያው ክፍል በር ላይ ቆሞ ጮኸ። «የኔን ባለ ሁለት ቋጠሮ ማነው የወሰደው? ሴቶች፣ ጨው ከተወደደባችሁ ንገሩኝ እንጂ!»

ሁሉም ሳቁ። ቀጭቀጭ አልሳቀችም። ቤት ስትገባ በቀጥታ ጓሮ ሄዳ፣ ከመደቧ አንድ ቅርፊት አንስታ ላሰችው። ውሃ ሲፈስበት ሰንብቶም ገና ጨው ጨው ይላል።

እዚያው ቁጭ አለች። ዝም ብትል ነገ አሮጊቷ ይሄዳሉ። የሚቀዳው ውሃ ይቀንሳል፣ የሚታጠበው ልብስ ይቀንሳል፤ ማምሻውን ገብታ ዝም ብላ ትተኛለች። ይህ ሐሳብ እንደ ሞቀ አልጋ ጎተታት። ግን አሮጊቷ በእጃቸው እንዳፈሩ ይሄዳሉ። የሌላ ሰው ጥፋት ተሸክመው ጓሮ የሌለው ቤት ውስጥ ይቀመጣሉ።

ተነስታ ገባች። አሮጊቷ ነጠላቸውን እያጠፉ ነበር።

«እማዬ፣ እጅዎ ምንም አልሆነም። እኔ ነኝ። የጨዋማውን ጆንያ ነው ያመጣሁት።»

አሮጊቷ ነጠላውን አስቀመጡ።

«ጨው?»

«ጨው።»

«እኔኮ እጄን ስረግም ነው የሰነበትኩት፣ አንቺ! ቃሪያውን በቁሙ አጣፈጥሽው እንጂ።» ጣቶቿን ዳበስ አደረጉ። «ደክሞሽ ነው አይደል?»

«ደክሞኝ ነው።»

«ታዲያ ምን ትገተሪያለሽ? ቅርፊቱን ጥረጊው!»

ጨው ከአፈር የሚወጣው በውሃ ብቻ ነው፤ ያውም በብዙ ውሃ። በየማለዳው እንደሚደረገው ርከፍከፍ ያለ እንደሆነ ጨውን እያሟሟ ወደ ሥሩ ያወርደዋል እንጂ አያርቀውም። ስለዚህ መጀመሪያ ቅርፊቱ ተጠርጎ ይነሳል፤ በመደቧ ዳር ቦይ ይወጣል፤ ከዚያ ውሃው ከሥር አልፎ ጨውን ይዞ እስኪወርድ ድረስ ቀስ እያሉ ደጋግመው ያፈሱታል። ቀጭቀጭ ቀዳች፣ አሮጊቷ እየዳበሱ አፈሰሱ። በማግስቱም ቀጠሉ።

ታናሽ ልጃቸው ሲደርስ እናቱን እስከ ጉልበታቸው በጭቃ ተለውሰው አገኛቸው። «እማዬ፣ ዕቃሽ የታለ? መኪናው ቆሞ ይጠብቀናል።»

«መኪናውን አሰናብተውና ባልዲውን ተቀበላት» አሉት ቀና ሳይሉ። «እሷ ትተኛ፤ ነገ ሥራ አለባት።»