ከእናቴ ገበታ የለየኝ ፍርሃት

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ዛሬም ዝም ብዬ ወደ ቤቴ ብሄድ ደረቴ ይፈነዳል፤ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር! ሌላው ሰው ከያዘው በሽታ ተፈወስኩ ብሎ ይመሰክራል፤ እኔን ያዳነኝ ካልያዘኝ በሽታ ነው! አትሳቁ፤ ሊገድለኝ ነበር እኮ።

በደርግ ጊዜ፣ ወደ መጨረሻው ላይ፣ እዚሁ ሞጣ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። አንድ ቀን የሰፋሁትን ቢቸና ገበያ ሸጬ ጠጅ ቤት ጎራ አልኩ። ጠጅ የምትቀዳው ልጅ ስትጫወት ስትስቅ ቆየችና አቅፋ ከንፈሬን ሳመችኝ። በቃ፤ ከዚያ ያለፈ ነገር የለም።

ሞጣ ከተመለስኩ በኋላ ቀበሌ ስብሰባ ተጠራን። «ኤድስ የሚባል መድኃኒት የሌለው በሽታ መጥቷል፤ ከሴት ተጠንቀቁ» ተባለ። ወገኖቼ፣ ያቺ የቢቸናዋ ልጅ ትዝ አለችኝ! ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ምላሴን በመስታወት ማየት ሆነ። ባስነጥስ ሞቴ ነው፤ ቢያልበኝ ሞቴ ነው። እናቴን እንዳልጨርሳት ብዬ ሳህኔን ለየሁ፤ የቤቱን ዋንጫ ላለመንካት ጠላ ተውኩ፤ ጉርሻዋንም እምቢ አልኩ። «ልጄ፣ እጄን ተጸየፍከው?» ብላ አለቀሰች።

አጎቴ መሪጌታ ናቸው። መጥተው አዩኝና እናቴን «ጠላ አይጠጣ፣ ከሰው አይበላ! ልጅሽ ጴንጤ ሆኖልሻል፤ ልክ እንደዚያ በቢቸና ጤና ጣቢያ በሽተኛ እንደሚያክመው ድሬሰር!» አሏት። ሃሌሉያ! እኔ እኮ ጴንጤ ምን እንደሆነ እንኳ አላውቅም! ግን አሰብኩ፤ ሰው ሁሉ የሸሸው ድሬሰር ምስጢሬን ለማን ይነግራል? ተነስቼ ቢቸና ሄድኩ።

ድሬሰሩ ሁሉንም ሰማኝና «ከመሳም ሌላ ምን ነበር?» አለኝ።

«ምንም።»

«እንግዲያው በዚህ አይተላለፍም። አብሮ በመብላትም አይተላለፍም። ሂድ፣ ከእናትህ ጋር ብላ።»

ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ከተማውን ሳልለቅ «ቢሳሳትስ?» የሚል ሐሳብ መጣብኝና ተመለስኩ። ያንኑ ነገረኝ። ወጣሁ፤ ደግሞ ተመለስኩ! አልተቆጣኝም። «ወንድሜ፣ አንተን የያዘህ ፍርሃት ነው። ልጸልይልህ?» አለና መስኮቱን ዘጋ። ያኔ እንደ ዛሬው እልል ብሎ መጸለይ የት አለና! ያሳስራል። ትከሻዬን ይዞ በሹክሹክታ «ኢየሱስ ሆይ፣ ይህን ልጅህን ከሞት ፍርሃት ፍታው» አለ። ጌታ ይባረክ! ሸክሜ ከላዬ ሲወርድ ተሰማኝ፤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ከዚያ ምሳውን ከፈተና «በል አጉርሰኝ» አለኝ። ጠቅልዬ ዘረጋሁለት። ሞት ይዟል ካልኩት እጄ ጎረሰ! ያን ቀን ጌታን ተቀበልኩ።

ቤት ስደርስ እናቴ ለብቻዋ እየበላች ነበር። እጄን ታጥቤ አጠገቧ ቁጭ አልኩና አፌን ከፈትኩላት። ሳቀችም፣ አለቀሰችም። አጎቴማ ከእኔ ቀድመው አውቀውት ኖሯል፤ ጴንጤ ሆኜ ተመለስኩ! ክብር ለጌታ ይሁን!

ይኸው ሸብቼ፣ የልጅ ልጅ አይቼ ፊታችሁ ቆሜአለሁ። ወገኔ፣ አንተም ለሰው የማይነገር ፍርሃት ይዞህ ከሆነ ሐኪም ጠይቅ፤ አትፈር። ሐኪም የነገረህን ልብህ አልቀበልም ሲልህ ደግሞ ጌታ አለ። ጉባኤው ሲያበቃ እኔ በሩ ጋ እቆማለሁ። እንዳለህ ና፤ እሱ አይጸየፍህም!